ሰሙ ቀረ

ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ባሕሩ ዘይት መስሎ፣
አጎቴ ኤለውቴሪዮ ሱሪውን ጠቅልሎ
ጀልባዋን ይገፋል። «ላ ቴርካ» ይላታል፣
«ግትሯ» ማለት ነው፤ ሚስቱን ያማባታል።
እኔ ከኋላዋ፣ ባልዲ ሙሉ ሳርዲን፣
ጀሪካን ቤንዚን፣
እንቅልፌ ገና ከዓይኔ ያልወረደ።

እንግዳው ዶክተር ባልቡዌና ነው፣ ከጓዳላሃራ የመጣ፣
ዕድሜውን ጥርስ ሲነቅል ኖሮ ጡረታ የወጣ።
ባርኔጣው አዲስ፣ መነጽሩ አዲስ፣ ዘንጉ አዲስ፣
የዋጋው ወረቀት ከእጀታው አልተላጠም፤
አጎቴ በከንፈሩ አነበበው።
«ግማሽ ሞተር ይገዛል» አለኝ በጆሮዬ፣
ከዚያ የራሱን አሮጌ ሞተር ሦስቴ ስቦ አስነሣ።
አባቱ በእጅ ክር ያጠምድ ነበር፣ ሊበላ፤
እሱ ዘንግ ለያዘ ያስጠምዳል፣ ለፎቶ፣
የሚበላውም ከፎቶው ነው።

ከፑንታ መስኪቴ ወደ ምሥራቅ፣ አንድ ሰዓት።
ውኃው ሞቃት፣
እጅ ቢነክሩበት ከሰው ገላ የማይለይ፤
ሰማይ ከባሕሩ፣ ባሕሩ ከሰማይ
ቀለም ተበዳድረው የማይመላለሱ።

መቀስ የምንላት ወፍ ከላይ አንዣበበች፣
ጭራዋን ከፈተች፣ ጭራዋን ዘጋች።
አጎቴ የሚያየው ሰማዩን ነው፣ ውኃውን አይደለም።
«ዓሣ የት እንዳለ ዓሣ አይነግርሽም፣ ኔሬይዳ፤
የራበው ነው የሚነግርሽ።»

እንዳለውም ሆነ። መዘውሩ ጮኸ፣
እንደ ጥርስ መሰርሰሪያ፤
ሐኪሙ ድምፁን ያውቀዋል፣ ፊቱ በራ።

ዘለለች።
አምላኬ፣ ዘለለች!
አረንጓዴ በቢጫ ላይ፣ ሰማያዊ በክንፏ ላይ፣
ከውኃ ወጥታ መልሳ የምትጠልቅ ትንሽ ፀሐይ፤
ዶራዶ፣ ወርቅ የተቀባች፣ ስሟም ያው ወርቅ የሆነላት።
ሃያ ደቂቃ ጎተተችው፣ ጎተታት፤
«ሳብ!» «ልቀቅ!» «ሳብ እንጂ ሰውዬ!» ይላል አጎቴ፤
እኔ ሜንጦ ይዤ፣ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ፣
መታሁ።

ከዚያ በወለሉ ላይ፣ በእግራችን መሀል፣
አረንጓዴው ሄደ። ሰማያዊው ሄደ።
ቢጫው ትንሽ አመነታ፤ እሱም ተከተለ።
አንጥረኛ ቤት ሰሙ ይቀልጣል፣ ወርቁ ይቀራል፤
እዚህ ወርቁ ወጣ፣
ሰሙ ቀረ።
ሐኪሙ ፎቶ ሊነሣ አቅፏት፣
«ቀለሟ የታለ?» አለኝ፣
እኔ የደበቅሁት ይመስል።

ያኔ ነው ያየሁት።
ከጀልባዋ ጥግ፣ ክንድ በማይሞላ ጥልቀት፣
ወንዱ። ግንባሩ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ።
አልሸሸም። ደም የነካውን ውኃ ይዞራል፣
አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ፣
ሰው አለ ወይ ብሎ በር እንደሚያንኳኳ፤
ወርቁ ሁሉ እንዳለ፣ በላዩ።

«ጣይለት! ጣይለት!» ሐኪሙ፣ ልጅ ሆኖ።
አጎቴ ዝም። ያልላላ ቋጠሮ ያጠብቃል።
እጄ ሳርዲን አነሣ፤ እጄ ወረወረ።
መንጠቆውን?
መንጠቆውን እጄ ረሳው።
እኔ አይደለሁም። እጄ ነው።

በላ። ዞረ። ጠበቀ። ዞረ።
ከዚያ ከታች ያለው ጥቁር ሰማያዊ
ከፍቶ አስገባው።

«አመለጠ» አልኩ።
«ያመልጣል» አለ አጎቴ።

ማታ በከሰል ጠበስናት፣ በሎሚና በጨው።
መዋሸት አልችልም፣ ጣፈጠች።
ሐኪሙ ሁለቴ ደገመ፤ ጣቱን ልሶ ጉርሻ ሰጠኝ፤
ለአጎቴም የተረፉትን ጥርሶቹን በነጻ አየለት።

ሁሉም ሲተኛ አጎቴ የቀን ሒሳቤን ቆጠረልኝ፤
ሁለት መቶ። ሁለት መቶ ሃምሳ። ሦስት መቶ።
ከዚያ አንዲት ፔሶ መልሶ አነሣ፣ ኪሱ ከተተ።
«ይቺ የምን ናት?»
ፋኖሱን እፍ አለ።
ከጨለማው ውስጥ፣ ሳል ይሁን ሳቅ ባልለየሁት ድምፅ፣
«መንጠቆ የሌላት ሳርዲን።»